«እዚህ ቦታ ወርዶ አያውቅም»

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የጨረሰው የበረዶ ናዳ የወረደው ተራራ በሚወጡ ጀብደኞች ላይ አይደለም። ባቡር ውስጥ ተኝተው በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1910፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22 ቀን 1902፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ በዋሽንግተን ግዛት በካስኬድ ተራሮች ላይ፣ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የባቡር መንደር ቆመው የነበሩ ሁለት ባቡሮች ከነሰዎቻቸው ተጠርገው ሸለቆ ገቡ። 96 ሰው ሞተ። ከፍርስራሹ በሕይወት የወጡት 23 ብቻ ናቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው እኔ ከምኖርበት ከሲያትል በመኪና 2 ሰዓት ገደማ ነው። የዚህ አገር ሐበሻ በዊንተር ልጆቹን ጭኖ፣ መብራት ያሸበረቀባትን ሌቨንወርዝን ለማየት ሲሄድ በዚያው ሸለቆ በኩል ነው የሚያልፈው። መንገድ ዳር ያለው ሰሌዳ «ለናዳ መከላከል ሥራ መንገዱ ተዘግቷል» ሲል እናማርራለን፣ ከቴርሞስ ሻይ እንቀዳለን፣ እንጠብቃለን። ያ ሰሌዳ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ብዙ ሰው አላጋጠመኝም።

የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። በኛ ሙያ አንድ ሲስተም ሲወድቅ «ማነው ጥፋተኛው?» ከማለት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ሰዎቹ በዚያ ሰዓት ምን ያውቁ ነበር? ያወቁትንስ በምን ላይ አመሠረቱት? የዌሊንግተንን ታሪክ ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው። ባነበብኩት ቁጥር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር እመለሳለሁ። «እዚህ ቦታ ወርዶ አያውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር። እውነት ነበር። የገደላቸውም እሱ ነው።

በረዶ አንድ ነገር አይደለም

መጀመሪያ ስለ ቃሉ እንነጋገር። እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም በረዶ እንላለን፤ ከፍሪጅ የሚወጣውንም በረዶ እንላለን፤ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚያርፈውንም እንዲሁ። አመዳይ አለን፣ ውርጭ አለን፣ ግን በየቀኑ የሚያስፈልጉን ቃላት አይደሉም። አይፈረድብንም። ይሁንና «በረዶ» አንድ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ናዳን ሊረዳ አይችልም።

ተራራ ላይ የሚከመር በረዶ እንደ እንጀራ መሶብ ነው፤ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። እያንዳንዱ አውሎ ነፋስ የራሱን ድርብ ጥሎ ይሄዳል። አንዱ ድርብ ቀላልና ደረቅ ነው፣ ሌላው ርጥብና ከባድ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ፀሐይና ውርጭ ተፈራርቀውበት እንደ መስታወት የጠነከረ ቅርፊት ነው። መሐል ላይ አንድ ደካማ ድርብ ካለ፣ ከላዩ ያለው ሁሉ በእሱ ላይ ተደግፎ ነው የቆመው። ደካማው ድርብ ሲሰበር የላዩ ክምር እንደ አንድ ሰፊ ሰሌዳ ተገምጦ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው የሚገድለው ናዳ ይሄኛው ነው። ተዳፋቱ ደግሞ እጅግ ቀጥ ያለ ገደል መሆን የለበትም። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ነው። 30 ዲግሪ ማለት ከቤት ደረጃ ብዙም አይለይም። ከዚያ በላይ በጣም ቀጥ ካለ በረዶው ሳይከመር ቶሎ ቶሎ ይራገፋል።

የባሕር ዳርቻ ተራሮች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ካስኬድ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ብዙ አይርቅም። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ርጥብ አየር ተራራውን ሲመታ ሽቅብ ይገፋል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። የኛም ደጋ ዝናቡን የሚያገኘው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ዝናቡ በረዶ መሆኑ ነው፤ መጠኑም ለማመን ይከብዳል። በዚሁ ሰንሰለት ላይ ያለው የማውንት ቤከር የስኪ ቦታ በ1998–99 ክረምት 1,140 ኢንች፣ ማለትም ወደ 29 ሜትር በረዶ መዝግቧል። ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው፤ በአንድ ወቅት።

ዋናው ነገር ግን ብዛቱ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ከባሕር ርቀው መሐል አገር ባሉ ተራሮች ላይ ብርዱ ከባድ፣ በረዶውም ደረቅ ዱቄት ነው። ካስኬድ ላይ ግን ቴርሞሜትሩ 0 ዲግሪ ዙሪያ ይንገዋለላል። ጠዋት በረዶ የነበረው ከሰዓት ዝናብ ይሆናል። የአካባቢው ሰው ይህን ከባድ ርጥብ በረዶ «የካስኬድ ኮንክሪት» ይለዋል። እንዲህ ያለው በረዶ ጥሩ ጎን አለው፤ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ቶሎ ይጠቀጠቅና ይረጋጋል። መጥፎ ጎኑ አውሎ ነፋሱ ገና ሳያልፍ፣ በተለይ ደግሞ ሞቃት ነፋስ መጥቶ በአዲሱ በረዶ ላይ ዝናብ ሲያወርድበት ነው። ዝናቡ ክብደት ይጨምራል፤ ድርቦቹን ያያያዘውንም ይፈታል። በባሕር ዳርቻ ተራሮች «ቅዝቃዜው በረደልን፣ ሞቅ አለ» የሚባልበት ሰዓት የእፎይታ ሰዓት አይደለም።

ስድስት ቀን ጥበቃ

በፌብሩዋሪ 1910 መጨረሻ የመጣው አውሎ ነፋስ ከሳምንት በላይ አላቋረጠም። በከፋው ሰዓት በረዶው በሰዓት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርድ ነበር ይባላል። የታላቁ ሰሜን የባቡር ኩባንያ ንብረት የሆኑ ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ መንገደኛ የጫነ አንዱ ፖስታ የጫነ፣ ከስፖኬን ተነስተው ወደ ሲያትል እየመጡ ነበር። ተራራው አናት አጠገብ ሲደርሱ ሐዲዱ ተቀበረና ቆሙ።

መጀመሪያ የቆሙት ከካስኬድ ዋሻ በስተ ምሥራቅ ነው። ዋሻው 4 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይረዝማል። ተሳፋሪዎቹ በዚያ ቆይታቸው ምግብ የሚበሉት ሐዲዱ አጠገብ በነበረ የሠራተኞች ማብሰያ ቤት ነበር። በኋላ ባቡሮቹ ዋሻውን አልፈው በስተ ምዕራብ ወዳለችው ዌሊንግተን ደረሱና እንደገና ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ከኋላቸው ናዳ ወረደና ያንን ማብሰያ ቤት ደረመሰው። ውስጡ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ወሬው ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ምን እንደተሰማቸው አስቡት፤ ትናንት የበሉበት ጠረጴዛ የለም።

የአካባቢው ኃላፊ ጄምስ ኦኒል ይባላል። ስንፍና የሚወቀስበት ሰው አልነበረም። ቀን ከሌሊት ከበረዶ ጠራጊ ማሽኖቹ ጋር ሐዲድ ላይ ነበር። ግን ማሽኖቹ አንድ በአንድ ከጨዋታ ወጡ። አንዱ ተበላሸ፣ ሌላው ከፊትም ከኋላም ናዳ ዘግቶበት ተቀረቀረ፣ የድንጋይ ከሰሉም እያለቀ መጣ። በረዶ በአካፋ የሚዝቁት የቀን ሠራተኞች ጭማሪ ጠይቀው ስላልተሰጣቸው ጥለው ሄዱ። ቴሌግራፉ ተቆረጠ። በመጨረሻም ኦኒል ራሱ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ቁልቁል ወረደ። ከተሳፋሪዎቹም ጥቂቶቹ ደፍረው ተከተሉ። በበረዶ ተዳፋት ላይ እየተንሸራተቱ ሲኒክ ወደምትባለው ጣቢያ ደረሱና ነፍሳቸው ተረፈች።

የቀሩት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ ባቡሩን ወደ ዋሻው መልሱን። ከላይ ተራራ ያለበት ሐዲድ ላይ ከመቆም ድንጋይ ውስጥ መግባት አይሻልም? ኩባንያው እምቢ አለ። ምክንያቱ የቂል ምክንያት አልነበረም። ዋሻው ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃ ያንጠባጥባል። ፉርጎዎቹን ለማሞቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቩ መንደድ አለበት፤ የከሰል ጭስ ደግሞ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ ይገድላል። ኩባንያው ዋሻውን ለማቋረጥ በ1909 የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ያስገባው በዚሁ ጭስ የተነሳ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያ ዓረፍተ ነገር ነበር። ባቡሮቹ ከቆሙበት ሐዲድ በላይ ባለው ተዳፋት ናዳ ወርዶ አያውቅም። ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ፌብሩዋሪ 28 ማታ በረዶው ቆመና ወደ ዝናብ ተለወጠ። ሞቃት ነፋስ ነፈሰ፤ ነጎድጓድና መብረቅ መጣ። ሰዎቹ ተኙ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከዊንዲ ተራራ ጎን ርዝመቱ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ የበረዶ ሰሌዳ ተገምጦ ወረደ። መንደሩ ውስጥ የነበረውን ሆቴል ሳይነካ አለፈው። ባቡሮቹን ግን ከነሎኮሞቲቮቹ አንስቶ 45 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወዳለው የታይ ወንዝ ሸለቆ ወረወራቸው። ከሞቱት ውስጥ 35ቱ ተሳፋሪዎች ናቸው። 58ቱ ባቡሮቹ ላይ የነበሩ የባቡር ሠራተኞች፣ 3ቱ ደግሞ ጣቢያው ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ስለ ዌሊንግተን ሲወራ ሁልጊዜ «ተሳፋሪዎቹ» ይባላል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ግን ለዕለት እንጀራ እዚያ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። የመጨረሻዎቹ አስከሬኖች የተገኙት በረዶው ቀልጦ፣ ጁላይ ማለቂያ ላይ ነው።

ተራራው ተቀይሮ ነበር

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንመለስ። «እዚህ ቦታ ወርዶ አያውቅም።» ውሸት አልነበረም አልኳችሁ። ችግሩ የት ላይ ነው?

ከባቡሮቹ በላይ ያለው ተዳፋት ቀድሞ ጫካ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ በረዶውን በሁለት መንገድ ይይዘዋል። ግንዱ እንደ ችንካር ያገለግላል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ በረዶውን አየር ላይ ተቀብሎ በየጊዜው ስለሚያራግፈው ከሥር ያለው ክምር አንድ ወጥ ሰሌዳ አይሆንም። ከ1910 በፊት ግን እሳት ያንን ጫካ በልቶት ነበር። የቀረው ራቁቱን የቆመ ተዳፋትና የተቃጠለ ጉቶ ነው።

ስለዚህ «ወርዶ አያውቅም» የሚለው ማስረጃ ስለ ሌላ ተራራ የሚናገር ማስረጃ ነበር። ስሙ ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፣ ማዕዘኑ ያው ነው። ያንን ታሪክ የሠራው ዛፉ ግን የለም። በኛ ሥራ ይሄ በየቀኑ ያጋጥማል። አንድ ፕሮግራም ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል ይባላል፤ ከሥሩ ያለው ነገር ግን በጸጥታ ተቀይሯል። ያ «ለዓመታት» የሚለው ቁጥር እምነት ይሰጣል እንጂ መረጃ አይሰጥም። ደግሞም ጊዜው በረዘመ ቁጥር እምነቱ ይጨምራል፤ መንደሩ ውስጥ አምስት ቀን ምንም ሳይሆን ሲያልፍ ስድስተኛው ቀን የበለጠ የተረጋገጠ ይመስላል። እውነታው ግን በየሰዓቱ ክብደት እየተጨመረ ስለነበር ስድስተኛው ቀን ከሁሉም የከፋ ነበር።

እዚህ ላይ ለኦኒልና ለባልደረቦቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የናዳ ሳይንስ የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። ዋሻው በእርግጥም አደጋ ነበረው። ከዛሬ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ተሳፋሪዎቹም ሳይንስ አልነበራቸውም፤ ያም ሆኖ ቀና ብለው ተዳፋቱን አይተው ፈርተዋል። እነሱ የሚያዩት ዛሬ ከላያቸው ያለውን ነው፤ ኩባንያው የሚያየው ያለፈውን መዝገብ ነው።

የእግዜር ሥራ?

ከአደጋው በኋላ የሞቱን ምክንያት የመረመረው ጉባኤ ናዳው ከሰው ቁጥጥር ውጭ ነው አለ። ግን እዚያው ላይ ኩባንያውን ወቀሰ፤ በቂ ከሰል አላከማቸም፣ ለአካፋ ሠራተኞቹም ተገቢውን አልከፈለም አለ። ከዚያ የአንድ ሟች ቤተሰብ ኩባንያውን ከሰሰና በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ። በ1914 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የተከሰተው ከሰው ኃይል በላይ የሆነ ነገር ነው፣ ኩባንያው አይጠየቅም ተባለ። በነሱ ሕግ ቋንቋ ይሄ «የእግዜር ሥራ» ይባላል፤ እኛ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የምንለው ነው።

በኛም ሕግ በነሱም ሕግ የዚህ ሐሳብ መሠረት አንድ ነው፤ አስቀድሞ ይታሰብ ነበር ወይ? ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቼ ሳየው የሚከብደኝ ይሄ ነው። አንድ ነገር «የማይታሰብ» ተብሎ ሲፈረድ፣ ፍርዱ የሚናገረው ስለ በረዶው አይደለም። ለማሰብ ምን ያህል እንደተሞከረ ነው። የዚያን ሳምንት የማብሰያ ቤቱ መደርመስ ማስጠንቀቂያ ነበር። ዝናቡ ማስጠንቀቂያ ነበር። ራቁቱን የቀረው ተዳፋት በቀን ብርሃን ይታይ ነበር።

ኩባንያው በፍርድ ቤት ቢረታም በሥራው ግን የተናገረው ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ዌሊንግተን ስሟ ተቀየረና ታይ ተባለች፤ ከሞት ጋር የተያያዘ ስም ያለበት ጣቢያ ማን ትኬት ይቆርጥለታል? ሐዲዱ ላይ ከ700 ሜትር በላይ የሚረዝም የኮንክሪት መከለያ ተሠራበት፤ ናዳው ከላዩ አልፎ እንዲሄድ። በ1929 ደግሞ ከድሮው በጣም ዝቅ ብሎ 12.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ዋሻ ተከፈተ። የድሮው መስመር ተጣለ፣ መንደሩም አብሮ ጠፋ። ዛሬ የእግር መንገድ ነው። በሳመር የሄደ ሰው ያንን የኮንክሪት መከለያ ሙስ ለብሶ ያገኘዋል። «የእግዜር ሥራ» የተባለውን ነገር ሰው በሲሚንቶ ሊመልሰው እንደሚችል የሚመሰክር ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው ናዳ

ከዌሊንግተን ሦስት ቀን በኋላ፣ ማርች 4 ቀን 1910 ሌሊት፣ በካናዳ ሮጀርስ ፓስ በሚባል ቦታ ሌላ ናዳ ወረደ። እዚያ ቀድሞ አንድ ናዳ ሐዲዱን ዘግቶት ስለነበር ሠራተኞች እየቆፈሩ ያጸዱ ነበር። ሁሉም ያጎነበሱት ወደ ወረደው በረዶ ነው። ሁለተኛው ናዳ ከሸለቆው ማዶ፣ ከተቃራኒው ተራራ መጣባቸው። 58 ሠራተኞች ሞቱ፤ ከነዚህ 32ቱ ከጃፓን ለሥራ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የካናዳው ኩባንያም በበኩሉ ተራራውን ትቶ ከሥሩ ዋሻ ቆፈረና በ1916 ከፈተ።

ይሄን ሳነብ ጎፋን ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። በጁላይ 2024 በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመሬት ናዳ ወረደ። ጎረቤት ተጠራርቶ የተቀበረውን ለማውጣት በእጅና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሮጡ ናቸው። በረዶና ጭቃ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ውኃ ተዳፋትን የሚያከብድበትና የሚፈታበት መንገድ፣ አንዱ ጎን ሲሄድ ቀሪው የሚንጠለጠልበት መንገድ ዘመድ ነው። ያ የተንጠለጠለው ቀሪ ነው ሁለተኛው ናዳ።

ወገን ተቀብሮ እየሰማ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ ባህላችንም አይፈቅድም። ለዚህ ነው የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች ሥልጠና ውስጥ አንዱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከላይ የቀረ አለ ወይ?» የሚለው። አንድ ሰው ቆሞ ሽቅብ እንዲያይ ይመደባል፤ ሌላው ይቆፍራል። ልብ ማጣት አይደለም። የሚቆፍረው ሰው ከሞተ የሚያወጣ የለም።

ማወቅ ሲመጣ

ናዳን በመሣሪያና በቁጥር ማጥናት ስር የሰደደው በስዊዘርላንድ ነው፤ ተመራማሪዎች በ1930ዎቹ ዳቮስ ከተማ በላይ ተራራ ላይ ሆነው የበረዶን ድርቦች መለካት ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ሥራው የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሞንቲ አትዋተር የሚባል ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በዩታ ግዛት አልታ በሚባል የስኪ ቦታ ተቀጥሮ ናዳን በፈንጂና በመድፍ ቀድሞ ማውረድን አለማመደ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መውረዱ ካልቀረ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ትንሽ ሆኖ ይውረድ። እኛ ሻይ እየጠጣን የምንጠብቀው ሰሌዳ የዚህ ልጅ ነው። ስቲቨንስ ፓስ ላይ መንገድ ሥራዎች ለብዙ ዓመታት ከጦር ሠራዊት በተገኘ መድፍና ታንክ ተራራውን ይተኩስበት ነበር።

ከአትዋተር ጋር የሠራው ኤድ ላሻፔል ዳቮስ ሄዶ ተምሮ የመጣ የበረዶ ሊቅ ነው፤ በኋላ እዚሁ ሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1970ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ከተጀመረው ጥናት ውስጥ ነው የዛሬው የሰሜን ምዕራብ የናዳ ማዕከል የወጣው። ማዕከሉ በዊንተር በየቀኑ የካስኬድን አደጋ ከ1 እስከ 5 በሆነ ደረጃ ያወጣል። በነጻ ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ያየዋል። መሣሪያም መጣ። በ1968 ጆን ሎውተን የሚባል ኢንጂነር የተቀበረን ሰው በሬዲዮ ሞገድ የሚያገኝ ኪስ የሚገባ መሣሪያ ሠራ። ከበረዶ ሥር ላለ ሰው ዋናው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች ናቸውና፣ ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። የሚያድነው አብሮ ያለው ጓደኛ ነው።

እንግዲህ ሳይንሱ መጣ፣ ትንበያው መጣ፣ መሣሪያው መጣ። በቃ፣ ተፈታ?

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012፣ ከዌሊንግተን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተነል ክሪክ በሚባል ሸለቆ፣ ወደ 16 የሚጠጉ ሰዎች ከስኪ ቦታው አጥር ውጭ ሊንሸራተቱ ወጡ። ጀማሪዎች አልነበሩም። ተራራውን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ፣ መሣሪያ የያዙ፣ ትንበያውን ያነበቡ ነበሩ። በዚያ ወር መጀመሪያ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በቀዘቀዘ ጊዜ የበረዶው ገጽ ላይ ስስ ውርጭ በቅሎ ነበር፤ ከዚያ አዲስ በረዶ በብዛት ወረደበትና ደካማው ድርብ ተሸፈነ። ናዳው 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ሄደ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ጆን ብራንች በዚህ ላይ የጻፈው ረጅም ዘገባ በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ዘገባው ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ከቡድኑ መሐል ጥቂቶቹ በልባቸው ቅር ብሏቸው እንደነበር መናገራቸው ነው። ግን እነዚህ ሁሉ አዋቂዎች ሲሄዱ እኔ ማን ነኝ ብለው ዝም አሉ።

ኢያን ማካመን የሚባል ተመራማሪ፣ እሱም ኢንጂነር ነው፣ ከ1972 እስከ 2003 አሜሪካ ውስጥ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። የፈለገው የበረዶውን ስህተት ሳይሆን የሰውን የአስተሳሰብ ወጥመድ ነው። ዝርዝሩ ላይ ከተራቀቁት ይልቅ ቀላሎቹ ናቸው የሚገኙት፦ ቦታውን ለምደነዋል፤ ሌሎች እየሄዱ ነው፤ ከኛ መሐል አዋቂ አለ፤ አንዴ ከወሰንን አንመለስም። የመጀመሪያው ልማድ ነው። ያው የ1910ሩ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው፣ ኮትና ባርኔጣውን አውልቆ የስኪ ጃኬት የለበሰው።

ልብ በሉ፤ በ1910 የጎደለው እውቀት ነበር፤ በ2012 እውቀቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ያልተቀየረው ያለፈውን ሰላም እንደ ዋስትና የመቁጠር ጠባያችን ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰው ተራራ እንዳይወጣ አይደለም። ካስኬድ በበረዶ ሲያምር ቃል የለኝም፤ በሥራ ቦታዬ ያሉ ጓደኞቼ ቅዳሜን የሚጠብቁት ለእሱ ነው፤ እዚህ የተወለዱት የኛ ልጆችም ስኪ ለብሰው ሳያቸው ደስ ይለኛል። እናቶቻቸው ግን የሚጠይቋቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እዚያ ቦታ ሰው ሞቶ ያውቃል?» ልጆቹም «ኧረ አያውቅም እማዬ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጥያቄው ነው ልክ ያልሆነው። እናቶች ሆይ፣ ጥያቄውን ቀይሩት፦ ዛሬ ትንበያው ስንት ቁጥር ነው? ትናንት ማታ ዝናብ ነበር ወይ? ከምትሄዱበት መንገድ በላይ ምን አለ? ካለፈው ጊዜ ወዲህስ ምን ተቀየረ? መልሱን ሳያዩ «ችግር የለም» ካሏችሁ፣ የመኪናውን ቁልፍ አትስጧቸው።